ዩቲሊቲው ኪራዩ ውስጥ ያለቀ፣ ለባቡርም የሚቀርብ አፓርታማ፦ ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይስ ቨርጂኒያ?

የደብረ ማርቆሱ · እሁድ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ባለቤቴና የስድስት ዓመት ልጃችን ቪዛቸው ተመቷል፤ በቅርቡ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። እኔ እስካሁን ከሌሎች ሰዎች ጋር ቤት ተጋርቼ ነው የምኖረው፤ ለቤተሰብ አይሆንም። መኪና የለኝም፤ ለጊዜው ለመግዛትም አላሰብኩም። ሥራዬ ዲሲ፣ ቻይናታውን አካባቢ ፓርኪንግ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት (በአበሻ) ሥራ ላይ መገኘት አለብኝ። ቅዳሜም እገባለሁ።

የምፈልገው ባለ አንድ መኝታ ነው። ከ1,900 ዶላር የማይበልጥ፣ ዩቲሊቲው፣ ማለት መብራቱ፣ ውሃው፣ ሂቱ (ማሞቂያው) ሁሉ ኪራዩ ውስጥ ያለቀ ቢሆን ደስ ይለኛል። በየወሩ ስንት እንደሚመጣ የማላውቀው ቢል ቤተሰብ ይዤ አልችለውም። ማስታወቂያው ሁሉ «ዩቲሊቲ ኢንክሉድድ» ይላል። ስደውል ግን ሁሉም የሚነግረኝ የተለያየ ነው። የት አካባቢ ብፈልግ ይሻላል?

የጆርጂያ ጎዳና · እሁድ ማታ

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። ቤተሰብህን በሰላም ያምጣልህ።

ሥራህ ቻይናታውን ከሆነ እኔ ሜሪላንድ ያለውን ሲልቨር ስፕሪንግን ነው የምልህ። ቀዩ መስመር ባቡር ሳትቀይር ከሲልቨር ስፕሪንግ የቻይናታውኑ ጣቢያ ጋለሪ ፕሌስ ያወርድሃል። ሜትሮ በሥራ ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ስለሚጀምር ለ12 ሰዓት ትደርሳለህ። ችግሩ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜና እሁድ ዘግይቶ ነው የሚጀምረው፤ ለአንተ ሰዓት አይደርስም። ስለዚህ ለባቡር መቅረቡን ብቻ አትመልከት፤ ጆርጂያ ጎዳና ላይ የሚመላለሰውን አውቶቡስም ቁጠር። ድሮ 70 የምንለው ነው። በጁን 2025 የአውቶቡስ መስመሮቹ ስማቸው ሁሉ ሲቀየር ዲ40 ሆኗል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ጆርጂያን ይዞ ይወርድና በሰባተኛ ጎዳና ቻይናታውን ያደርስሃል። የቅዳሜውን የመጀመሪያ አውቶቡስ ሰዓት ግን ቤቱን ከመያዝህ በፊት አረጋግጥ።

ከከተማው ወጣ ብለህ ብትይዝም ራይድ ኦን አለ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ አውቶቡስ ማለት ነው። ከጁን 2025 ወዲህ በነፃ ነው የሚጭነው፤ ካርድም አትነካም። ከባቡር ጣቢያው ራቅ ያለ፣ ኪራዩ ቀነስ ያለ ቤት ብታገኝ በዚያ መድረስ ትችላለህ።

ስለ ዩቲሊቲው ደግሞ መጀመሪያ የሕንፃውን ዕድሜ ጠይቅ። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የተሠሩት ረጃጅም ሕንፃዎች ብዙዎቹ አንድ ቦይለር (የውሃ ማሞቂያ) ነው ያላቸው፤ ቆጣሪውም ለሕንፃው በሙሉ አንድ ነው። ለየቤቱ ለይቶ ማስከፈል ስለማይመች ኪራዩ ውስጥ ያስገቡታል። በአዲሶቹ ሕንፃዎች ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቆጣሪ አለው። የሚያብረቀርቅ ሎቢና ጂም ያለው ሕንፃ «ኢንክሉድድ» ካለህ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ አንድ በአንድ አስቆጥረው። ሂት፣ ሙቅ ውሃ፣ የምድጃ ጋዝ፣ መብራት፣ ፍሳሽ፣ ቆሻሻ።

እቴነሽ ከአሌክሳንድሪያ · እሁድ ማታ

ቨርጂኒያንም አትርሳው ወንድሜ። አሌክሳንድሪያ፣ ሴሚነሪ ሮድ ላይ ሰዘርን ታወርስ የሚባሉት ሕንፃዎች አሉ። አበሻ በብዛት የሚኖርበት ነው። ልጅ ስትይዝ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ባለቤትህ ቋንቋውን እስክትለምድ ብቻዋን አትሆንም። አብረዋት ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስዱ እናቶች ታገኛለች።

ባቡር ደጃፍህ ላይ የለም። ግን የአሌክሳንድሪያ ከተማ አውቶቡስ፣ ዳሽ፣ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ነፃ ነው። 35 ቁጥሩ እዚያው ሕንፃዎቹ መሀል ገብቶ ይጭንና ፔንታገን ያደርሳል። ከፔንታገን ቢጫው መስመር ቀጥታ ጋለሪ ፕሌስ ነው። የአንተ ሰዓት ጠዋት በጣም ማለዳ ስለሆነ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ሰዓት ሳታይ እንዳትፈርም።

በየትኛውም ሕንፃ ቢሆን አንድ ነገር ልብ በል። የቆየ ነዋሪ «እኛ ጋ ሁሉም ኪራዩ ውስጥ ነው» ሊልህ ይችላል። እውነቱን ነው፤ የእሱ ሊዝ (የኪራይ ውል) እንደዚያ ነው። ባለንብረት ሲቀየር ግን ለአዲስ ተከራይ የሚሰጠው ሊዝ ይለወጣል። እኔ የምኖርበት ሕንፃ ውስጥ ጎረቤቴ ውሃ አትከፍልም፤ እኔ ግን እከፍላለሁ። አንድ ፎቅ ላይ ነን።

ሻሼ77 · ሰኞ ጠዋት

አበሻ ቤት ቤዝመንት (ምድር ቤት) ለምን አትይዝም? ከነዩቲሊቲው፣ ከነኢንተርኔቱ ከዚህ ባነሰ ታገኛለህ። ክሬዲትም (የብድር አከፋፈል ታሪክህን) የሚጠይቅህ የለም።

እናት ነኝ · ሰኞ ጠዋት

ሻሼ፣ ለወንደላጤ ጥሩ ነው። ልጅ ላለው ሰው ግን ጠይቆ መግባት አለበት። እኛ ቤዝመንት የገባን ጊዜ የሂቱ መቆጣጠሪያ ላይኛው ፎቅ ነበር። ባለቤቶቹ ቀን ሥራ ሲሄዱ ይቀንሱታል። እኔ ከሕፃን ጋር ታች እንቀጠቀጣለሁ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ቢሉን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። ዩቲሊቲው በኪራይ ሲካተት ሙቀቱ በማን እጅ እንደሆነ ማወቅ አለብህ።

ሌላው የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው። ልጁን ስታስመዘግብ እዚያ አካባቢ ለመኖርህ ማስረጃ ይጠይቁሃል። ሞንትጎመሪ ውስጥ በስምህ ሊዝ ካለህ ነገሩ ያልቃል። ሰው ቤት ተጋርተህ የምትኖር ከሆነ ባለቤቱ ፈርሞ የሚሰጥህ ሌላ ፎርም አለ። አንዳንድ አከራይ ደግሞ ወረቀት ላይ መፈረም አይወድም። ስለዚህ ገና ሳትገባ «ለትምህርት ቤት ትፈርሙልኛላችሁ ወይ?» ብለህ ጠይቅ።

የመብራት ቢል በስምህ ስለማይኖር ለመንጃ ፈቃድ ቢሮም በምን አድራሻህን አሳያለሁ ብለህ አትጨነቅ። ሊዙና የባንክ ስቴትመንትህ ይሠራሉ። ባንኩ ላይ አድራሻህን ቶሎ ቀይር ብቻ።

የጥገናው ሰው · ሰኞ ማታ

አፓርታማ ጥገና ነው የምሠራው። የቆዩትን ሕንፃዎች ከውስጥ አውቃቸዋለሁ። ቤት ሲያሳዩህ ምን ማየት እንዳለብህ ልንገርህ።

መስኮቱ ሥር ረጅም የብረት ሳጥን ታያለህ፤ ከላዩ ፍርግርግ አለው። ብዙ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ሂቱም ኤሲውም (ማቀዝቀዣውም) የሚወጣው ከእሱ ነው። ውስጡ ውሃ የሚሄድበት ቱቦ አለ። ክረምት ከቦይለሩ ሙቅ ውሃ ይመጣል፤ በጋ ቀዝቃዛ ውሃ። ቱቦው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መስጠት አይችልም። ሕንፃው አንዴ ወደ ሂት ከዞረ በኦክቶበር ድንገት ሙቀት ቢመጣም ኤሲ የለም። በአፕሪል ወደ ኤሲ ከዞረ በኋላም ብርድ ቢመለስ እንደዚያው። ነዋሪው በየዓመቱ ለእኛ ይደውላል፤ እኛ ደግሞ የምናደርገው ነገር የለም። ዩቲሊቲው ኪራይ ውስጥ የገባ ቤት ስትይዝ ይህን አውቀህ ግባ።

ዲሲ ውስጥ ከሆንክ ሕግ አለ። ባለንብረቱ የሚቆጣጠረው ሂት ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 1 መሥራት አለበት። ቀን ቢያንስ 68 ዲግሪ፣ ሌሊት 65 ዲግሪ ፋራናይት። ኤሲ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ከሜይ 15 እስከ ሴፕቴምበር 15።

የሳጥኑን ክዳን ክፈትልኝ በል። ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ፣ ሥሩ ወለሉ ላይ የውሃ እድፍ ካለ፣ እዚያ ቤት ጥገና ቶሎ አይመጣም ማለት ነው። ሻወሩን ክፈትና ሙቅ ውሃው ምን ያህል ቆይቶ እንደሚመጣ እይ። ከቻልክ ጠዋት ሁሉም ሰው በሚታጠብበት ሰዓት ሂድ። የኩሽናውን ካቢኔ ከፍተህ ማጠፊያዎቹ ጥግ ላይ በረሮ እይ። ስትወጣ ደግሞ አሳንሰር ውስጥ ያገኘኸውን ነዋሪ ሰላም በልና «ባለፈው ወር ከኪራይ ሌላ ስንት ከፈላችሁ?» በለው። አስጎብኚው ከሚነግርህ ይልቅ እሱ የሚነግርህን እመን።

ሂሳብ ይዘን እንነጋገር · ሰኞ ማታ

1,900 የሚለውን ቁጥር ለኪራይ ብቻ አትያዘው። ኪራይ፣ ዩቲሊቲና ትራንስፖርት አንድ ላይ ደምረህ ነው ማወዳደር ያለብህ።

ለምሳሌ አንዱ ቤት ሁሉንም ይዞ 1,850 ነው እንበል። ሌላው 1,690 ሆኖ ሁሉንም አንተ ትከፍላለህ። የ160 ዶላር ልዩነት ነው። ሁለተኛው ቤት ሂቱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ የጃንዋሪና የፌብሩዋሪ ቢል የእነዚያን ወራት ልዩነት ሊበላው ይችላል። ባለቤትህና ልጅህ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ቀኑን ሙሉ ቤት ነው የሚውሉት፤ ከአዲስ አበባ አየር ወጥተው ነው የሚመጡት። ሂቱን ከፍ ታደርጉታላችሁ። እኔ በመጀመሪያው ክረምታችሁ በቁርጥ ዋጋ ብትገቡ እመርጣለሁ።

ወደ ትራንስፖርቱ ስንመጣ፣ ባቡሩ በሥራ ቀን እንደ ርቀቱ ከ2.25 እስከ 6.75 ዶላር ያስከፍላል። ቅዳሜና እሁድ ከ2.50 አይበልጥም። የሜትሮ አውቶቡስ 2.25 ነው። ከቀዩ መስመር ጫፎች፣ ከሻዲ ግሮቭ ወይም ከግሌንሞንት የምትነሳ ከሆነ ከሲልቨር ስፕሪንግ የበለጠ ትከፍላለህ። ርካሽ ቤት ፍለጋ ወደ መስመሩ ጫፍ ስትሄድ ይህንንም ጨምረህ ደምር።

አንድ ብዙ አበሻ የማይጠይቀው መብት አለ። ዲሲ ውስጥ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ የኮሚዩተር (የሥራ መመላለሻ) ጥቅም የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ከ2016 ጀምሮ ሕግ ነው። ቢያንስ የባቡርና የአውቶቡስ ገንዘብህ ከታክስ በፊት ከደመወዝህ እንዲቀነስ ማድረግ ትችላለህ። ሱፐርቫይዘርህን ጠይቀው።

የደብረ ማርቆሱ · ማክሰኞ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የኮሚዩተሩን ነገር ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ነገ እጠይቃለሁ። የጥገናው ወንድሜ ያልከኝን ሁሉ ጽፌ ይዤዋለሁ።

አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው። አንድ ሰው ታኮማ ጣቢያ አጠገብ ባለ አንድ መኝታ በ1,350፣ ሁሉም ኪራዩ ውስጥ ብሎ ለጥፎ አገኘሁ። ፎቶው ያምራል። ከአገር ውጭ ስለሆነ ቁልፉን በፖስታ እንደሚልክና ዲፖዚቱን (ማስያዣውን) በዜል፣ በስልክ ገንዘብ መላኪያው፣ እንድልክ ነገረኝ። ምን ትላላችሁ?

እቴነሽ ከአሌክሳንድሪያ · ማክሰኞ

አትላክ! ወንድሜ በፍጹም አትላክ። የእህቴ ልጅ ልክ እንዲህ ተብሎ ነው ገንዘቡን የተበላው። ፎቶው የሌላ ሰው ቤት ነበር።

የጆርጂያ ጎዳና · ማክሰኞ

እቴነሽ ልክ ናት። ውስጡን ገብተህ ያላየኸው ቤት ላይ አንድ ዶላር አታውጣ። ሞንትጎመሪ ውስጥ ቤት የሚያከራይ ሁሉ የኪራይ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ለካውንቲው ደውለህ አድራሻውን ብትሰጣቸው ይነግሩሃል። ዲሲም አከራይ የንግድ ፈቃድ ማውጣት አለበት።

ዲፖዚትን በተመለከተ፣ ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ከአንድ ወር ኪራይ በላይ መጠየቅ አይፈቀድም። ዲሲም አንድ ወር ነው። ቨርጂኒያ እስከ ሁለት ወር ይደርሳል። ከቤተሰብ ትኬት ጋር ስትደምረው ለአንተ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ላንግሊ ፓርክ ነዋሪ · ማክሰኞ ማታ

እኔ የምጨምረው ገና ስላላለቀው የባቡር መስመር፣ ስለ ፐርፕል ላይን ነው። በላንግሊ ፓርክና በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል አከራዮች «አዲሱ ባቡር በርህ ላይ ይቆማል» እያሉ ነው የሚያሳዩህ። መስመሩ ከቤተስዳ እስከ ኒው ካሮልተን 16 ማይል፣ 21 ጣቢያ ነው። ሐዲዱ ተዘርግቶ ይታያል። ሥራው ግን ከ2017 ጀምሮ ሲንከባለል የመጣ ነው፤ ዛሬ ተሳፍረህበት ወደ ሥራ አትሄድም። ላልመጣ ባቡር ዛሬ ተጨማሪ ኪራይ አትክፈል። አሁን የሚሠራውን አውቶቡስ አይተህ ወስን።

ሁለተኛ፣ አሮጌ ሕንፃ ሌላም ጥቅም አለው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከጁላይ 2024 ጀምሮ የኪራይ ጭማሪን ገድቧል። ጭማሪው ከ6 በመቶ አያልፍም፤ የዋጋ ንረቱ ዝቅተኛ ከሆነ ከዚያም ያንሳል። ከ23 ዓመት በታች የሆኑ አዳዲስ ሕንፃዎች ግን ከገደቡ ውጭ ናቸው። ስለዚህ ሂቱን ኪራይ ውስጥ የሚያስገቡት አሮጌዎቹ ሕንፃዎች ናቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ኪራዩ በድንገት የማይሰቀለውም እዚያው ነው። እኔ ቤተሰብ ያለው ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ ወደ እነሱ ነው የምልከው። ወለሉ አሮጌ ይሁን፤ የሚቀጥለውን ዓመት ወጪህን ዛሬ ታውቀዋለህ። በድንበር ማዶ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ በኩል ያለው ሕግ ሌላ ስለሆነ አድራሻው የየትኛው ካውንቲ እንደሆነ ጠይቅ። መንገዱን ተሻግረህ ሕጉ ይቀየራል።

የሌሊት ፈረቃ · ረቡዕ ንጋት

«ከሜትሮ 10 ደቂቃ» የሚለውን ማስታወቂያ በእግርህ ሄደህ ለካው። የምትለካውም ሥራ በምትሄድበት ሰዓት፣ ገና ሳይነጋ ይሁን። እኔ ቤት ስመርጥ ያየሁት ብርሃን ያለበትን መንገድ ነው። አንዳንዱ መንገድ ካርታ ላይ አጭር ይሁን እንጂ የእግረኛ መሄጃ የለውም፤ በረዶ ሲጥል መኪና መንገድ ላይ ነው የምትሄደው። ባለቤትህም በዚያው መንገድ ልጅ ይዛ ትመላለሳለች።

የደብረ ማርቆሱ · ሐሙስ ማታ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያንን ሰውዬ ትቼዋለሁ።

ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቤት አየሁ። አሮጌ ሕንፃ ነው፣ 1,790። ከባቡሩም ከዲ40ም በእግር ይደረሳል። የሳጥኑን ክዳን አስከፈትኩ፤ ማጣሪያው ንጹሕ ነው። ሊዙን አስቀድመው እንዲልኩልኝ ጠይቄ ላኩልኝ። የዩቲሊቲው አንቀጽ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፦ ሂት፣ ሙቅ ውሃና የምድጃ ጋዝ በኪራዩ ውስጥ ነው። መብራት ተከራዩ በራሱ ስም ያስከፍታል። ውሃና ፍሳሽ በነዋሪው ቁጥር ተከፋፍሎ በየወሩ ይጠየቃል። ማስታወቂያቸው ላይ ግን ሁሉም ኪራዩ ውስጥ እንዳለ ነበር የጻፉት። ልተወው?

ሂሳብ ይዘን እንነጋገር · ሐሙስ ማታ

አትተወው፤ ግን ገና አትፈርም። ትልቁ ወጪ ሂትና ሙቅ ውሃ ነው። እሱ በእነሱ ላይ ነው፤ ጥሩ ነው። ምድጃውም በጋዝ ስለሆነ መብራቱ አምፖል፣ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ነው የሚሆነው።

ጥያቄ ያለው ውሃው ላይ ነው። የሕንፃውን ቢል በሰው ቁጥር ሲያካፍሉት እናንተ ሦስት ናችሁ፤ ብቻውን ከሚኖረው ጎረቤትህ ሦስት እጥፍ ትከፍላለህ። ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ አካፍሎ የሚያስከፍል አከራይ አከፋፈሉን፣ እንዲሁም ባለፈው ዓመት የሕንፃው ቤቶች በአማካይ በወር ስንት እንደከፈሉ በጽሑፍ ሊነግርህ ይገባል። በቃል የሚነግሩህን አትቀበል፤ በኢሜይል ይላኩልህ። ማስታወቂያውንም ስክሪንሾት አንስተህ አያይዝላቸውና «እዚህ ላይ ውሃም አለ ብላችኋል» በላቸው። አንዳንዶቹ ሲጠየቁ ያስተካክሉታል። ካስተካከሉት ለውጡ ሊዙ ላይ ተጽፎ ይፈረም።

አማካዩን ውሃና የመብራቱን ግምት ከ1,790 ጋር ደምረው። ከ1,900 ካልዘለለ ያዘው።

የጥገናው ሰው · ሐሙስ ማታ

አንድ ጥያቄ ጨምርበት። ያ ሳጥን በጋም ቀዝቃዛ አየር ይሰጣል ወይስ ሂት ብቻ ነው? ሂት ብቻ ከሆነ የመስኮት ኤሲ ነው የምታስገባው፤ እሱ ደግሞ በአንተ መብራት ነው የሚሠራው። ነገ ስትደውልላቸው ከውሃው በፊት ይህን ጠይቃቸው።